በእኔ አፍ

እትዬ የምላቸው በልቤ ነበር። በአፌ ግን “ማም” እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እኔን “ሃኒ” እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን አዝሎት፣ አንደበታቸውንም አስሮት ነበር። ከእኔ በፊት የቤት አስታማሚ የሚልከው ኤጀንሲ የላካቸው ሁለት ሠራተኞች የሚሉት ስላልገባቸው ሳምንት እንኳ ሳይሞሉ ሄደዋል። እኔ ቆየሁ። እንግሊዝኛ ስማር ከጆሮዬ ይልቅ ዓይኔን አምን ስለነበር የሰው ከንፈር ማየት ለምጄአለሁ። በወሩ የሚሉት ሁሉ ይገባኝ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ሲያነጋግራቸውም፣ ፋርማሲው ሲደውልም፣ ፍሎሪዳ ያለችው ልጃቸው ስትደውልም በእሳቸው ፈንታ የምናገረው እኔ ሆንኩ። ልጃቸው “አንቺ የእናቴ አፍ ነሽ” ትለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። በሥራዬ ከተመሰገንኩባቸው ነገሮች ሁሉ እሱን ነበር የምወደው።

ቤታቸው ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ከፍራንክሊንተን ሰፈር አልፎ የዌስት ብሮድን መንገድ ይዞ ብዙ ከተነዳ በኋላ ነው። ፎቅ የሌላቸው፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ የጡብ ቤቶች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ሣር፣ ከኋላው ትንሽ ጓሮ አለው። እትዬና ባላቸው እዚያ ከገቡ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መንገዱ ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች አንድም ሞተዋል፣ አንድም ሸጠው ሄደዋል። ጥግ ላይ ያለችው የባላቸው ቀብር የተፈጸመባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሰው አጥታ ተሸጣ፣ አሁን በሯ ላይ የስፓኒሽ ጽሑፍ ተለጥፎባታል። የልብ ወዳጃቸው በቀኝ በኩል ያሉት ጎረቤታቸው ነበሩ። እሳቸውም እኔ በመጣሁ በዓመቱ ሞቱ። ልጆቻቸው ቤቱን ለኩባንያ ሸጡት። ኩባንያው ግራጫ ቀለም ቀባውና አከራየው።

ተከራዮቹ የገቡት በጸደይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እትዬን ፊታቸውን አጥቤ፣ መድኃኒታቸውን አስውጬ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበራቸው ላይ አስቀምጬአቸው ነበር። ሁለት ፒካፕ መኪና መጣ። መሰላል፣ ፍራሽ፣ የሕፃን ብስክሌት፣ አንድ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል ወረደ።

“ስንት ናቸው?” አሉኝ እትዬ።

“አላወቅኩም፣ ማም። እያራገፉላቸው ያሉ ዘመዶች ይሆናሉ።”

“ሜክሲካኖች ናቸው።”

ከሆንዱራስ እንደሆኑ ያወቅኩት ኋላ ነው። እኛ ሐበሾችም እኮ ከየትም ይምጡ “ስፓኒሽ” ብለን ነው የምናልፋቸው። ባልየው ጣሪያ የሚሠራ ጠንካራ ሰው ነበር። ሚስትየዋ በእኔ ዕድሜ ናት፤ ሆቴል ታጸዳለች። አሥራ አምስት ዓመት የሚሞላት ልጅ አለቻቸው። የባልየው እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ አጠር ያሉ፣ ነጭ ጸጉራቸውን ጎንጉነው የሚያስሩ አያት ናቸው። በየማለዳው ወጥተው ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ይጠርጋሉ። ቅጠል ሳይኖርም ይጠርጋሉ። እትዬ ከመስኮቱ ሆነው ያዩአቸው ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች በዕድሜ እኩያ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእትዬ ሥራ ያንን ቤት ማየት ሆነ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ይውላል እንጂ አያዩትም። መኪና ይቆጥራሉ። ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው ወጣ ይሉኛል። ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ጡረተኛ ሰውዬ ነበር፤ ሣሩን በየሁለት ቀኑ የሚያጭድ፣ ሳይጠራ የሚመጣ። ሐሙስ ሐሙስ የእትዬን የቆሻሻ ገንዳ መንገድ ዳር ያወጣላቸዋል። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን መጥቶ ሲቀመጥ ወሬው ሁሉ ያ ቤት ነው።

“የሥራ ዕቃ መጎተቻ ትሬለሩን ሣሩ ላይ ነው ያቆመው” ይላል። “ይህ ሰፈር እንዲህ አልነበረም።”

እትዬ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ሰውዬው ሲሄድ ወደ እኔ ዞረው፣ “አንቺን ማለታችን አይደለም፣ ሃኒ” አሉኝ። “አንቺ እንደነሱ አይደለሽም። አንቺ በወጉ ነው የመጣሽው።”

እውነቱን ልናገር። ይህን ሲሉኝ ቅር አላለኝም። በዲቪ ነው የመጣሁት፤ ወረቀቴ ሙሉ ነው፤ ዜግነቴን ከወሰድኩ ቆይቻለሁ። “አንቺ ጥሩዋ ነሽ” ሲባል ሰው ውስጡ የሚሞቀው ነገር አለ። ለባለቤቴ ማታ ራት ላይ እንደ ቀልድ ነገርኩት። ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከሺፍቱ ሲመለስ ብዙ አያወራም።

“እኛ ቤት ስንገዛ ከጎናችን የነበሩት ነጮች በስድስት ወራቸው አልሸጡም?” አለኝ።

“እነሱ እኮ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ነው የሄዱት።”

“እሺ፣ ይሁን” አለና ወጡን ጨለፈ።

ሚስትየዋን የተዋወቅኳት በአጥሩ በኩል ነው። አጥር ስል ወገብ ድረስ የምትደርስ የሽቦ አጥር ናት። የእትዬን አንሶላ ጓሮ ሳሰጣ መጥታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሰላም አለችኝ። የእኔም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ ተግባባን። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳት፤ አላወቀችውም። ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ወደ ቤቱ እያመለከተች፣ “እናትሽ ናት?” አለችኝ፤ ሥራዬ እንደሆነ ነገርኳት። አዘነችላቸው። በሳምንቱ አያትየዋ በቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ምግብ በሰሃን ደርድረው፣ ጨርቅ አልብሰው በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። በጣታቸው ወደ ቤቱ እየጠቆሙ “ለእሷ፣ ለእሷ” ይላሉ።

ይዤ ገባሁ። እትዬ ሸተታቸው።

“ጣይው” አሉኝ።

“ትኩስ ነው ማም፤ ሠርተው ነው ያመጡልዎ።”

“ጣይው፣ ሃኒ። በምን እጅ እንደሠሩት አላውቅም።”

ጾም ነበር፤ እኔ አልበላውም፤ ሥጋ አለበት። ቤት ወስጄም ለልጆቼ አልሰጠሁም፤ የአሳማ ይሁን የዶሮ አላወቅኩም። የመኪና ማቆሚያው ቤት ውስጥ ባለው ገንዳ ደፋሁት። እህል መድፋት ነውር ተብሎ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም። ሰሃኑን አጥቤ በማግስቱ ስመልስ ሚስትየዋ በር ላይ ቆማ፣ “ወደደችው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“በጣም” አልኳት።

ፊቷ በራ። ወደ ውስጥ ተጣርታ ለአማቷ ነገረቻቸው። አያትየዋ እጃቸውን እየጠራረጉ መጥተው ጉንጬን ሳሙኝ። “ግቢ፣ ግቢ” ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ቤቱን አሳዩኝ። ንጹሕ ቤት ነበር። ሚስትየዋ እየመራች ቤዝመንቱንም፣ ከቤቱ ሥር ያለውን ምድር ቤት፣ አሳየችኝ። የባልየው ወንድም ከሚስቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ጋር እዚያ ይኖር ነበር። መጋረጃ ጋርደው፣ አልጋ ዘርግተው፣ ግድግዳውን ቢጫ ቀለም ቀብተውታል። መስኮት የለውም። “ለጥቂት ጊዜ ነው” አለችኝ፣ እንዳፈረች ሆና። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ማለቷ እንደሆነ ስደተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ሰሃኑ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። እኔም እዋሻለሁ። “ዛሬ ሙሉውን ጨረሰችው” እላለሁ። ሁለቱን ቤቶች በውሸት እያስታረቅኩ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ለእነሱ ደግ አሮጊት ሆኑ። ባልየው በበጋ ከሥራ ሲመለስ የእሳቸውን ሣር አብሮ ያጭድላቸው ጀመር። እትዬ “ማን ፈቀደለት?” ብለው ተቆጡ። ሰውየው ግን መስኮት ላይ ሲያያቸው ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል።

አንድ ከሰዓት እግራቸውን እያሸሁላቸው ስለ ልጅነታቸው አጫወቱኝ። እትዬ የዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ልጅ ናቸው። አባታቸው ከሰል ማዕድን ውስጥ ሠርተው ሳንባቸው ተበላሽቶ ነው የሞቱት። ባላቸው ኮሎምበስ ፋብሪካ ሥራ አገኙና ተከትለዋቸው መጡ። መጀመሪያ በባላቸው ወንድም ቤት ስምንት ሆነው በሁለት ክፍል ኖሩ።

“እዚህ ሰፈር ስንገባ ‘ሂልቢሊ’ ይሉን ነበር” አሉኝ። የተራራ ባላገር እንደማለት ነው። “መኪና ሣር ላይ ያቆማሉ፣ ዶሮ ቤት ውስጥ ያሳድራሉ ብለው ያሙን ነበር። አንዷ ልጇን ከልጄ ጋር እንዳትጫወት ከልክላት ነበር። በኩሽና ተቀምጬ አለቅስ ነበር፣ ሃኒ።”

እንባ በዓይናቸው መጣ። እኔም አዘንኩላቸው። እግራቸውን እያሸሁ፣ ከጎናችን ያለውን ቤት ያስቡት እንደሆነ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አላሰቡትም። እኔም አላስታወስኳቸውም። ሥራዬ አይደለም ብዬ እግራቸውን ማሸቴን ቀጠልኩ።

በነሐሴ የልጅቷ አሥራ አምስተኛ ዓመት በዓል ደረሰ። በእነሱ ባህል ትልቅ ነገር ነው፤ እንደ ሠርግ። በዋዜማው ባልየው ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ በር አንኳኳ።

“ነገ ሙዚቃ አለ” አለኝ። “እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ብቻ። ይቅርታ እንድትጠይቂልኝ ነው። አንቺም ሴኞራዋም ብትመጡ ደስ ይለናል። ወንበር እናዘጋጅላታለን።” ሴኞራ የሚላቸው እትዬን ነው፤ እመቤት እንደማለት።

ገብቼ ለእትዬ ነገርኳቸው። ወደ በሩ ዞረው አዩት፤ ደህና የሆነውን እጃቸውን አነሱ። “አመሰግናለሁ በይው” አሉኝ። ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ። በሩን ስዘጋ፣ “እዚያ ሬሳዬም አይሄድ” አሉ።

ቅዳሜው የእኔ ተራ ነበር። ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ድንኳን ተተከለ፣ መኪና መንገዱን ግራና ቀኝ ሞላው፣ መለከት የሚነፉ ሰዎች መጡ። ልጅቷ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ከወገቧ በታች እንደ ደወል ተነፍቶ፣ ራሷ ላይ ዘውድ አድርጋ ወጣች። እንዴት አምራ ነበር! እትዬ ራሳቸው ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው አዩአት።

ከዚያ ፎቶ ሊነሱ ወደ እኛ በኩል መጡ። በሁለቱ ቤቶች መካከል፣ ግን በእትዬ መሬት ላይ፣ ባላቸው የተከሏቸው ቀያይ አበቦች ነበሩ። የአበባው ጊዜ አልፏል፤ ቅጠሉ ብቻ ነበር የቀረው። ለማያውቅ ቁጥቋጦ ነው የሚመስለው። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ገባበት። የልጅቷ ጓደኞችም በከፍተኛ ተረከዝ ጫማቸው ተከተሉት። አሥር ደቂቃም አልሞላም። ሲሄዱ መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር።

እትዬ መጮህ ሞከሩ። ድምፃቸው አልወጣም። ባልዛለው እጃቸው መስታወቱን መቱት፤ ከሙዚቃው የተነሣ ማንም አልሰማቸውም። ከዚያ አለቀሱ። ስትሮክ የመታው ሰው ሲያለቅስ ፊቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያለቅሰው። ወጥቼ ልናገር ብዬ ተነሣሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ስትደንስ አየሁ። እንዴት ብዬ ልሂድ? ተመለስኩ። በዚያን ጊዜ ሄጄ “አበባዋን ረገጣችሁባት” ብላቸው ኖሮ አያትየዋ በጉልበታቸው ተንበርክከው መልሰው ይተክሉት እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ጡረተኛው ሰውዬ ኩሽና ተቀምጧል። በትንሽ ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። የቤት ደንብ የሚጥሱ ሰዎች ለከተማው አስተዳደር የሚጠቆሙበት መስመር ነው።

“እኔ ደውዬአለሁ” አለ። “ግን ከአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ቶሎ አይመጡም። እሷም ትደውል።”

እሱ ሲወጣ እትዬ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

“ደውዪልኝ፣ ሃኒ።”

“ማም፣ እኔ ሄጄ ላናግራቸው። ስለ አበባው ይቅርታ ይጠይቃሉ።”

“ደውዪልኝ። እኔን አይሰሙኝም።”

የእሳቸው ስልክ ነው፤ የእሳቸው ቤት ነው፤ የእሳቸው ጉዳይ ነው። እንቢ ብል ልጃቸው ለኤጀንሲው ብትከስስስ ብዬም አሰብኩ። ደወልኩ። አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት አነሣው። እትዬ የሚሉትን እየተከተልኩ ተናገርኩ፤ ስለ መኪኖቹ፣ ሣር ላይ ስለ ቆመው ትሬለር፣ ስለ ድንኳኑ። ሁሉንም “እሷ እንደምትለው” እያልኩ ነበር የምናገረው።

ከዚያ ወጣቱ ራሱ ጠየቀኝ። “ቤቱ ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ታውቃላችሁ?”

እትዬ አያውቁም ነበር። ትከሻቸውን ሰበቁ።

“ሁለት” አልኩ።

“ቤዝመንት ውስጥ የሚተኛ ሰው አለ?”

“አዎ” አልኩ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ወጣቱ አመስግኖኝ ስልኩን ዘጋ።

ለምን እንደመለስኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ክፋት አልነበረም። ስፈራ መልስ የምሰጥ ሰው ነኝ። ኤምባሲ መስኮት ላይ ቆሜ፣ ኤርፖርት ላይ ቆሜ፣ የዜግነት ፈተና ላይ ተቀምጬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር መንግሥት ሲጠይቅ ቶሎና በእውነት መመለስ ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ይህን ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ነጭ መኪና በራቸው ላይ ቆመ። አንዲት ሴት፣ ደረቷ ላይ መታወቂያ የለጠፈች፣ ክሊፕቦርድ ይዛ ወረደች። ሥራዋን ነበር የምትሠራው፤ ፈገግ ብላ ነው ያንኳኳችው። ግን እኔ በመስኮቱ የማየው ባልየውን ነው። በጓሮ በር ወጥቶ፣ ያችን የሽቦ አጥር ዘሎ፣ በእኛ ጓሮ አልፎ ሲሄድ አየሁት። ያ ጠንካራ ሰው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በዚያን ሰሞን ወረቀት የሌለው ሰው ከሥራው፣ ከመኪናው እየተያዘ ይሄዳል የሚባልበት ጊዜ ነበር። መታወቂያ የለጠፈ ሰው በር ሲያንኳኳ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

“ሮጠ” አሉ እትዬ። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። እኔ እንደሆንኩ የምግባቸውን ማንኪያ እንደያዝኩ ቀርቼ ነበር።

በሳምንቱ ሚስትየዋ በር አንኳኳች። ፖስታ ይዛለች። ዓይኗ አብጧል።

“አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ” አለችኝ። “ልጄ አንብባልኛለች፣ ግን ልጅ ናት፤ ገብቷት እንደሆነ አላውቅም። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።”

በረንዳው ላይ ቆመን ከፈትኩት። ቅሬታ በስልክ እንደደረሳቸው፣ ቤዝመንቱ መስኮት ስለሌለው ለመኝታ እንደማይፈቀድ፣ እዚያ ያሉ ሰዎች እንዲወጡ፣ ግልባጩም ለቤቱ ባለቤት ኩባንያ እንደተላከ ይላል። የተናገርኩትን ቃል ተተይቦ በእጄ ይዤ አነበብኩላት። እያንዳንዱን መስመር በቀላል እንግሊዝኛ አስረዳኋት።

“ማን ነው የነገራቸው?” አለችኝ። “ከውጭ አይታይም እኮ።”

“አላውቅም” አልኳት።

“ያ ከማዶ ያለው ሰውዬ ነው” አለች። “እግዚአብሔር ያየዋል።”

ሌተሩን አጥፌ ፖስታው ውስጥ መለስኩላት። እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። “ሴኞራዋን ሰላም በይልኝ” ብላ ሄደች።

ኩባንያው ሌተሩ ሲደርሰው ልቀቁ አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ጠበቃ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። እነሱ ግን ስማቸው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አይፈልጉም። ወንድምየው በሁለት ቀን ወጣ። እነሱ በሦስት ሳምንት። መሰላሉ፣ ፍራሹ፣ የእመቤታችን ሥዕል እንደገባ ወጣ። የምትሄድ ቀን ሚስትየዋ ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። አያትየዋ ከመሄዳቸው በፊት ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ጠረጉ። ሲጨርሱ ወደ መስኮታችን ዞረው እጃቸውን አወዛወዙ። እትዬም እጃቸውን አነሡ።

“ወዴት ይሄዳሉ?” አሉኝ።

“አላወቅኩም፣ ማም።”



ቤቱ ባዶውን ከረመ። ሣሩ አደገ። ጡረተኛው ሰውዬ በጥቅምት ቤቱን ለሽያጭ አቀረበ፤ ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሰፈር ሥራ ያላት ልጁ ትንሽ አፓርታማ አግኝታለት ነበር። ሊሰናበት ሲመጣ እትዬ ፊታቸውን አዞሩበት። “ሁሉን አስወጥቶ ራሱ ሄደ” አሉኝ። መስኮቱ ላይ መቀመጡን አላቆሙም፤ የሚቆጠር መኪና ግን አልነበረም። ምግብ እንቢ እያሉ መጡ። አንድ ቀን ከሰዓት ድንገት፣ “ያች ሴትዮ ትልከው የነበረው ምን ነበር?” አሉኝ።

“የትኛው?”

“በቅጠል የሚጠቀለለው።”

“የበቆሎ ዱቄት ነው፣ ውስጡ ሥጋ ያለበት።”

“እኛም ቤት በቆሎ ነበር የምንበላው” አሉ።

በበረዶው ወራት መጀመሪያ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ወደ ቤት አልተመለሱም፤ ልጃቸው ፍሎሪዳ ወስዳ መጦሪያ አስገባቻቸው። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርጉላቸዋል፤ ይናገራሉ፤ ከንፈራቸውን ስለማላይ ግን አንዱም አልገባኝም። በየካቲት ሞቱ። ልጃቸው ቴክስት አደረገችልኝ።

አለቀስኩላቸው። ወድጃቸው ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ግን ሐዘኔ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። በሁዳዴ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ከሰሃኑ ጀምሮ እስከ ሌተሩ። አቋርጠው አልተናገሩኝም።

“አሮጊቷ ናቸው ያዘዙኝ፣ አባ” አልኳቸው በመጨረሻ።

“ቤዝመንት ያለውንም እሳቸው ናቸው ያዘዙሽ?”

“አይደለም።”

“እግዚአብሔርማ ይቅር ይላል፣ ልጄ። ከቤቷ የወጣችውን ሴት ግን እኔ ልጠይቅልሽ አልችልም። ሄደሽ ጠይቂ።”

ደወልኩላት። ድምፄን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። አድራሻዋን ወዲያው ላከችልኝ። ግሮቭፖርት አካባቢ፣ ባለቤቴ ከሚሠራበት ብዙም የማይርቅ አፓርታማ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። አሳንሰር የለም።

አያትየዋ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም፣ ስለዚህ አይወርዱም። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፤ ቀድሜ ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። ባልየው ሌላ ስቴት ሥራ ሄዷል አለችኝ ሚስትየዋ። እሷ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ስለ እትዬ ጠየቀችኝ። ማረፋቸውን ስነግራት አማተበች፤ ለአማቷ ነገረቻቸው፤ አያትየዋም አማተቡ፤ እንባቸውም መጣ። “ደግ ነበረች” አለችኝ ሚስትየዋ።

ከዚህ በላይ ልቆይ አልቻልኩም። ወደ ኩሽና ወሰድኳትና ነገርኳት። እየቆምኩ፣ ቃል እየፈለግኩ ነገርኳት። ቴሌፎኑን እኔ እንደደወልኩ። ስለ ቤዝመንቱ እኔ፣ ራሴ እንደተናገርኩ። መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ልጅቷን ጠራቻት፤ ደገምኩት፤ ልጅቷ ወደ ስፓኒሽ መለሰችው። ስትመልሰው ድምጿ እየወረደ ሄደ።

ሚስትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አያትየዋ ከሳሎን የሆነ ነገር ጠየቁ፤ አልመለሰችላቸውም። ከዚያ መናገር ጀመረች። አልጮኸችም። ጠረጴዛውን እያየች፣ ረጅም ነገር ተናገረች። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ ፊቷን በእጇ ጠረገችና ቀጠለች። የባሏን ስም ሰማሁ። “ሴኞራ” የሚለውን ሰማሁ። ሌላው ሁሉ አለፈኝ። ጨረሰች።

ልጅቷን አየኋት።

“ኦኬ ብላለች” አለችኝ ልጅቷ በእንግሊዝኛ። “አሁን መሄድ ትችያለሽ።”

በሩ ጋ ስደርስ አያትየዋ ከሶፋው ሆነው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አልነገሯቸውም። እጃቸውን ሳምኩና ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ አልተጣራችኝም፤ እኔም ዞሬ አላየሁም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እየጠበቀኝ ነበር።

“ይቅር አለችሽ?”

“አላውቅም።”

“ምን አለችሽ ታዲያ?”

“በቋንቋዋ ነው የተናገረችው” አልኩት።